ቅጂ፣ አምሳያ፣ ምትኬ

የአንድሮይድ ስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ የለወጠ ሰው ቅንብሮቹን ሲከፍት «ምትኬ» የሚል ቃል ያገኛል። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ፎቶውና የወዳጆቹ ስልክ ቁጥር አብሮ እንዳይጠፋ ሌላ ቦታ የሚቀመጥለት ነገር ስም ነው። ከዚህ ቃል ጋር «ወደነበረበት መልስ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ብዙዎቻችን ሁለቱንም አይተን እናልፋለን። ቃላቱን የመረጡት ተርጓሚዎች ግን ምስጋና ይገባቸዋል፤ የመረጡት ቃል ከመዝገበ ቃላት አልፎ በየቤቱ የሚኖር ነውና።

ምትኬ የሰው ስም ነው። ልጅ የሞተበት ወላጅ ከዚያ በኋላ የተወለደለትን ምትኬ፣ ምትኩ፣ ተካ ወይም ተካልኝ ይለዋል። ሥሩ «ተካ» የሚለው ግስ ነው፤ በጎደለው ቦታ ሌላ አቆመ ማለት ነው። ምትክ፣ ተተኪ፣ መተካት ሁሉም ከዚሁ ይወለዳሉ። በመጨረሻ ያለችው የ«ኤ» ድምፅ የባለቤትነት ናት፤ «ምትኬ» ማለት «የእኔ ምትክ» ነው። ስሙ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይናገራል፤ የነበረ መጉደሉንና በጎደለው ቦታ ሌላ መቆሙን። ሁለተኛው ካልተፈጸመ ስሙ አይሰጥም። ለኮምፒዩተርም ቢሆን ከዚህ የጠበቀ ፍቺ አላውቅም።

በኮምፒዩተር ጥገና ቤቶች የሚሰማው ቃል ግን «ባክአፕ» ነው። «ባክአፕ አድርግልኝ»፣ «ባክአፕ አለህ ወይ?»፣ «ከባክአፑ መልሰው» ይባላል። ሁሉም ይግባባበታል፤ ለዕለት ሥራ በቂ ነው። ችግሩ አንዱ ቃል አራት የተለያዩ ሥራዎችን መሸፈኑ ነው። ፋይል መቅዳት አንድ ሥራ ነው፤ የዲስኩን ሁለንተና እንዳለ ማንሣት ሌላ ነው፤ የተነሣውን በሚያስተማምን ቦታ ማኖር ሦስተኛ፤ በክፉ ቀን መልሶ ማቆም አራተኛ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሠራ ሰው «ባክአፕ አለኝ» ብሎ ይተኛል፤ ኮምፒዩተሩ አልነሣ ያለ ቀን የቀሩት ሦስቱ እንዳልተሠሩ ይረዳል። አማርኛ ለአራቱም የየራሳቸው ግስ አለው። የግሶቹን ሥር ከሚሠሩት ሥራ ጋር አስተያይተን ብናያቸው እያንዳንዱ ግስ ባለሙያውን ምን ማድረግ እንዳለበት ያሳስበዋል።

ዘርና ውሂብ በሲሪንቃ

ይህ ጉዳይ ከምንም በላይ የሚመለከታቸው ቦታዎች አሉ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ መርሳን ካለፈ በኋላ በሐብሩ ወረዳ ሲሪንቃን ያገኛታል። ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟ ግን በግብርና ሳይንስ ጽሑፎች ላይ በተደጋጋሚ ይነበባል። ምክንያቱ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ይህ ማዕከል ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ለሚያጥረው ምሥራቃዊ አማራ የሚስማማ ማሽላ፣ ጤፍና ሌላ ሰብል ሲፈልግ ኖሯል። ማሽላውን ከሥሩ የሚመጠውን አቀንጭራ የሚቋቋም ዝርያ ፍለጋም አንዱ ሥራው ነው። ግራና-1፣ ራያ፣ የጁ የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ስማቸውን ከአካባቢው ምድር ወስደዋል። ምስክር የተባለም አለ።

አንድ ዝርያ ስም አግኝቶ ገበሬው እጅ እስኪገባ ድረስ በብዙ ቦታና በብዙ ዓመት ይፈተናል። ያበበበት ቀን፣ የቆመበት ቁመት፣ የሰጠው ምርት፣ የጣለው በሽታ በየዓመቱ ይመዘገባል። ስለዚህ ተመራማሪው ሁለት ሀብት አለው፤ አንዱ በከረጢት ያለው ዘር ነው፣ ሌላው በኮምፒዩተር ያለው መዝገብ። መዝገቡ የጠፋበት ዘር ታሪኩ ያልታወቀ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። የአምስት ዓመት የዝናብና የምርት ልኬት ደግሞ በገንዘብ አይገዛም፤ ያለፈው ክረምት ተመልሶ አይዘንብምና።

ለዚህ መዝገብ ዛሬ «ውሂብ» እንላለን። ቃሉ ከግእዙ «ወሀበ» (ሰጠ) የወጣ ነው፤ ውሂብ ማለት የተሰጠ ማለት ነው። ፈረንጆቹ የሚሉት ዳታም ከላቲን ሲመጣ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ዳቱም የተሰጠ ነው። የእኛው ግስ ግን አንድ ተጨማሪ ልጅ አለው። «ሀብት» የሚለው ቃል የተወለደው ከዚሁ ከወሀበ ነው። ውሂብና ሀብት ያንድ እናት ልጆች ናቸው። አንድ የምርምር ተቋም ውሂቡን ከንብረት መዝገቡ ውጭ ቢያደርገው የቃሉን ዝምድና ዘንግቷል ማለት ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሰሜን ወሎ በጦርነት ውስጥ ነበር። የሲሪንቃ ምርምር ማዕከልና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረት መዘረፉና መውደሙ በወቅቱ በይፋ ተነግሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኮምፒዩተር ሲወሰድ የሚሄደው ብረቱና ፕላስቲኩ ብቻ አይደለም። አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛል፣ ሕንፃ ይጠገናል፤ ሌላ ቦታ ያልተቀዳ ውሂብ ግን ከሄደ ሄደ ነው። ቀጥሎ የምናያቸው ግሶች ዋጋቸው የሚታወቀው ይህን እያሰብን ስናነባቸው ነው።

ቀዳ፣ ገለበጠ፣ ጫነ

«ቅጂ» የውኃ ቃል ነው። በግእዝ «ቀድሐ» ውኃ ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ ወሰደ ነው፤ አማርኛው «ቀዳ» አለው። ውኃ ይቀዳል፣ ጠላ ይቀዳል፤ የሚቀዳበት ዕቃ መቅጃ ይባላል። «ዳ» ወደ «ጅ» የተለወጠችው አማርኛ በልማዱ እንዲህ ስለሚያደርግ ነው። ኋላ የድምፅ መቅረጫ ሲመጣ ካሴት ከካሴት ተቀዳ፤ አሁን ፋይል ከፋይል ይቀዳል። በአማርኛ በተጻፉ የኮምፒዩተርና የስልክ ትእዛዞችም «ቅዳ» የሚለው ሥራውን ይዟል። ፋይሉ የሚቀዳበትን ቦታም «ምንጭ» እንለዋለን፤ ይህም የውኃ ቃል ነው፣ «መነጨ» ከሚለው።

ከውኃው ቃል ጋር ማስጠንቀቂያም አብሮ መጥቷል። የሚቀዳ ሰው የሚወስደው ዕቃው የያዘውን ያህል ነው። ፋይል የሚቀዳም እንዲሁ የመረጠውን ብቻ ይወስዳል። ሰነዶቹን ይወስዳል፤ ፕሮግራሞቹ፣ ቅንብሮቹ፣ ኮምፒዩተሩን ከእንቅልፉ የሚያስነሣው የዲስኩ መነሻ ክፍል ግን እዚያው ይቀራሉ። ሌላው ማስጠንቀቂያ ስለ አቅጣጫ ነው። ምንጩንና መድረሻውን ያምታታ ባለሙያ ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ያፈሳል፤ ይህ ስሕተት በሙያው ውስጥ ካሉት ሁሉ የከፋው ነው።

«ገለበጠ» የሚለው ከዚህ ይለያል። ዕቃን አፉን ወደ ታች አደረገ፣ ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው አፈሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ «ፍላሽ ላይ ገልብጥልኝ» ስንል ሙሉውን፣ ሳታስቀር ማለታችን ነው። ከዚሁ ግስ «ግልባጭ» ወጣ። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ የሚዘረዘረው ስም ሁሉ ያ ደብዳቤ በስንት ቦታ እንደሚቀመጥ ይነግረናል። ጸሐፊዎቻችን አንድ ወረቀት በአንድ ቦታ ብቻ እንዳይቀር ያደርጉ የነበረው ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት ነው። ከክልል የጠፋ ደብዳቤ በወረዳ መዝገብ ቤት ሲገኝ ያተረፈው ግልባጩ ነው።

«ጫነ» የነጋዴ ቃል ነው። ግእዙ «ጸዐነ» ይላል፤ በአጋሰስ ላይ ሸክም አደረገ ማለት ነው። ዛሬ ዊንዶውስ ይጫናል፣ ፕሮግራም ይጫናል፤ ከኢንተርኔት የመጣው ደግሞ ይወርዳል። ሙያተኛው «እንደ አዲስ ልጫንልህ» ሲል ምን እያለ እንደሆነ ባለቤቱ ማወቅ አለበት። አዲስ ጭነት የቀድሞውን ጭነት አይመልስም። ኮምፒዩተሩ ይነሣል፤ የቀድሞው አሠራር፣ ፈቃዱ የተከፈለበት ፕሮግራም፣ ከዓመታት ልምድ የመጣው ቅንብር ግን አብሮት አይነሣም።

ማኅደርና ሰነድ

የሚቀዳው ነገር የሚቀመጥበትን እንይ። ፋይሎች የሚሰበሰቡበትን ቦታ «ማህደር» እንለዋለን። ግእዙ «ኀደረ» ነው፤ አደረ፣ ኖረ። ማኅደር ማደሪያ ነው። ለብራና መጽሐፍ የሚሰፋው የቆዳ ከረጢትም ማኅደር ይባላል፤ መጽሐፉ ያድርበታል፣ ከዝናብ ይጠበቅበታል፣ በትከሻ ይንጠለጠልበታል። ቃሉ ከብራና ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር ትርጉሙ አልጎደለም።

«ሰነድ» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ መደገፊያ፣ የሚደገፉበት ማለት ነው። በእስልምና ትምህርት ሰነድ አንድ ሐዲስ ከማን ወደ ማን እየተላለፈ እንደመጣ የሚያሳየው የአስተላላፊዎች ሰንሰለት ነው። በየጁ ዳናን በመሰሉ የትምህርት ቦታዎች ያስተማሩ ሸኾች ቃሉን በዚህ ትርጉሙ ያውቁታል። የተላለፈው ነገር የሚታመነው ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ሲቆጠር ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያም ያስቀመጠውን ቅጂ መቼ፣ ከየትኛው ዲስክ፣ በማን እጅ እንደተነሣ ካልጻፈበት ሰንሰለቱ የተበጠሰበት ሰነድ ይዟል።

ከምስለኔ እስከ ዲስክ ምስል

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ዲስክ የሚለው ቃል ከግሪክ ዲስኮስ ነው፤ ስፖርተኛ የሚወረውረው ክብ ነገር ነበር። በላቲን በኩል አልፎ በእንግሊዝኛ የሳሕኑም የጠረጴዛውም ስም ከእሱ ወጥቷል። ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ዲስክ በጥቃቅን ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ በቀድሞዎቹ እያንዳንዱ ክፍል 512 ባይት ይይዛል፣ በአዲሶቹ ደግሞ 4096። የዲስክ ምስል የሚያነሣ ፕሮግራም ፋይሎችን በስማቸው አይጠራም። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያለውን በተራው ያነባል፤ የዲስኩን አከፋፈል፣ የመነሻውን ክፍል፣ ስርዓተ ክወናውን፣ ፕሮግራሞቹን፣ ሰነዶቹን ሁሉ በአንድ ትልቅ ፋይል ይሰበስባል። ባዶውን ቦታ እየዘለለ የተያዘውን ብቻ የሚያነሣም አለ። ያ ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ሲዘረጋ ኮምፒዩተሩ ምስሉ በተወሰደበት ቀን እንደነበረ ሆኖ ይነሣል።

ሥራው ስሙን በየሀገሩ በየመልኩ አግኝቷል። በዩኒክስ ኮምፒዩተሮች ላይ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው «ዲዲ» የተባለ ትእዛዝ ስሙን ከአይቢኤም የሥራ ማዘዣ ቋንቋ ወስዷል። በ1995 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ መሬይ ሃዛርድ የተባለ ሰው «ጎስት» የተባለውን ፕሮግራም ሠራ፤ በ1998 ሲማንቴክ ገዛው። ስሙ የእንግሊዝኛ ሐረግ ምሕጻር ቢሆንም በእኛም ሀገር ሙያተኞች ዘንድ ግስ ሆኖ «ጎስት አደረግሁት» እስኪባል ደርሷል። ከታይዋን የመጣውና በነፃ የሚገኘው ክሎንዚላ ደግሞ ሌላ ቃል አሰማን፤ ክሎን።

ክሎን ከኮምፒዩተር የመጣ ቃል አይደለም። የመጣው ከእርሻ ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. ኸርበርት ዌበር የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በዘር ሳይሆን በቁራጭ፣ በሥር ወይም በቅርንጫፍ ለሚራቡ ዕፅዋት ስም ሲፈልግ ቀንበጥ የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ ቃል ላይ አነሣው። ከአንድ ሸንኮራ ተቆርጠው የተተከሉ ሸንኮራዎች ሁሉ ከእናታቸው ጋር አንድ ናቸው። እንዲህ ሆኖ የገበሬው ቃል በሥነ ሕይወት ሳይንስ በኩል አልፎ ኮምፒዩተር ቤት ገባ። በሸንኮራ ማሳና በኮምፒዩተር ቤት የሚሠራው ሥራ አንድ ቃል የሚጋራው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም ሥራ ያለውን ሳይለወጥ ማቆየት ነው።

በአማርኛ «የዲስክ ምስል» የሚለው እየተለመደ ነው። «ምስል» ከግእዙ «መሰለ» ነው። ምሳሌ፣ አምሳል፣ ተመሳሳይ፣ አስመሳይ ሁሉም ቤተሰቦቹ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ለኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው «ምስለኔ» ነው። በዘውዱ ዘመን ገዢው በሌለበት ቦታ እሱን ሆኖ የሚያስተዳድር ሹም ምስለኔ ይባል ነበር፤ ቃሉም «እኔን የሚመስል፣ እንደ እኔ» ተብሎ ይፈታል። ምስለኔው የገዢው ሥዕል አልነበረም። ይፈርዳል፣ ይሰበስባል፣ ያዛል። የዲስክ ምስልም እንደዚሁ ነው፤ የዲስኩ ፎቶ ሳይሆን በዲስኩ ፈንታ ሊሠራ የሚችል ነው።

ችግሩ ዛሬ «ምስል» ስንል ጆሯችን የሚሰማው ፎቶና ቪዲዮ መሆኑ ነው። «የኮምፒዩተርህን ምስል አስቀምጥ» ብትለው አድማጭህ የስክሪኑን ፎቶ ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ ከዚሁ ሥር «አምሳያ» የሚለው ቢወሰድ ይሻላል ባይ ነኝ። አምሳያ ጓደኛ፣ እኩያ፣ አቻ ነው፤ ካንዱ ጎን ሊቆም የሚችል ሌላ ነው። «የዲስክ አምሳያ» ብንል ሰሚው ቢያንስ ስለ ፎቶ እንዳልተነገረ ወዲያው ያውቃል፤ ሙሉ ዲስክን ስለሚያህል ነገርም ያስባል።

አምሳያ ማንሣት በሀገራችን አዲስ ሥራ እንዳልሆነም ልጨምር። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ሥራው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ከአሜሪካው የሚኒሶታ የኮሌጅቪል ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ያገናኘ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት በፊልም ገብተዋል፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ሰጥተውበታል። በደቡብ ወሎ የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍትም ከተነሡት መካከል ናቸው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበሩት የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በዚያ ስብስብ 1832 የሚል ቁጥር ይዟል። ፊልም አንሺው የሚወደውን ገጽ ብቻ መርጦ አላነሣም፤ ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ በኅዳግ የተጻፈውን የስጦታ መዝገብና የርስት ማስታወሻ ሳይቀር አነሣ። ኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች በእነዚያ የኅዳግ ጽሑፎች ብዙ ተጠቅመዋል። ሙሉውን ማንሣት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ነገ የሚያስፈልገን የቱ እንደሆነ ዛሬ አናውቅም።

ጠበቀና መጠባበቂያ

የተነሣው አምሳያ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚወስነው «ጠበቀ» ነው። ይህ ግስ በአማርኛ ሁለት ሆኖ ይኖራል። አንዱ ላልቶ «ይጠብቃል» ሲባል ገመዱ ይጠብቃል፣ ክዳኑ ይጠብቃል እንደማለት ነው፤ አይላላም። ሌላው ጠብቆ «ይጠብቃል» ሲባል ዘበኛው ይጠብቃል፣ እናት ልጇን ትጠብቃለች ነው፤ ዐይኑን አያነሣም። ከሁለተኛው «ተጠባበቀ» ወጣ፤ ክፉም ደግም ቢመጣ ተዘጋጅቶ ቆየ። ተጠባባቂ ተጫዋች፣ ተጠባባቂ ኃላፊ፣ የመጠባበቂያ እህል፣ የመጠባበቂያ ቅጂ ሁሉም ከዚህ ናቸው።

የመጠባበቂያ ትርጉም የጠባቂው ከተጠባቂው መለየት ነው። ኮምፒዩተሩ ባለበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ተንቀሳቃሽ ዲስክ አብሮ ይሰረቃል፣ አብሮ ይቃጠላል። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀውና ዛሬ በየቦታው የሚጠቀስ ደንብ አለ፤ 3 ቅጂ ይኑርህ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ ይሁን፣ 1ዱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ሲሪንቃ ላለ ባለሙያ ሌላ ቦታ ማለት ወልድያ አይበቃም፤ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ የሆነው አንድ አካባቢ በሙሉ እንደሚጠቃ አሳይቷል። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ወይም ከዚያ የራቀ መሆን አለበት።

የዘር ሰዎች ይህን ቀድመው አውቀውታል። በ1976 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬ ሥራው በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይቀጥላል። ማዕከሉን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ሲመታ ገበሬው ለዘር ያስቀረውን እስከ መብላት ደረሰ፤ ለዘመናት በአካባቢው ሲመረጥ የኖረ የማሽላና የስንዴ ዝርያ ከምድር ሊጠፋ ነበር። የተሰበሰበውና በቀዝቃዛ ክፍል የተጠበቀው ዘር ኋላ በወሎና በሸዋ ገበሬዎች ማሳ ላይ ተመልሶ እንዲበዛ ዶክተር መላኩና ባልደረቦቻቸው ከካናዳ ድርጅት ጋር ሠሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በዚህ ዓይነቱ ሥራቸው ነው። በዚያ ሥራ አራቱም ግሶች ተፈጽመዋል፤ ዘሩ ተሰበሰበ፣ እንደ ጠባዩ ተለይቶ ተመዘገበ፣ ከአደጋው ርቆ ተጠበቀ፣ ወደ ማሳው ተመለሰ።

ወደነበረበት

የመጨረሻው ቃል «ወደነበረበት መልስ» ነው። በውስጡ «ነበረ» አለ። ዛሬ «ነበር» ስንል ያለፈ ጊዜን ብቻ እናስባለን፤ በግእዝ ግን ነበረ ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ ነው። መንበር፣ የመቀመጫው ስም፣ ከዚሁ ነው። በሌላ በኩል በኮምፒዩተር «አስቀምጥ» የሚለው ትእዛዝ «ተቀመጠ» ከሚለው መጥቷል፤ እንዲቀመጥ አደረገ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ትእዛዞች፣ አስቀምጥና ወደነበረበት መልስ፣ በሥረ ቃላቸው ስለ መቀመጫ ይናገራሉ። የመጀመሪያው ነገሩን በተጠባባቂ መቀመጫ ያኖረዋል፤ ሁለተኛው ወደ መንበሩ ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ሥራው ጎዶሎ ነው።

ብዙ ተቋም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አምሳያው አለ፤ ተነሥቶ ሊዘረጋ ሲል ፋይሉ ተበላሽቶ ይገኛል። ወይም አዲሱ ዲስክ ከቀድሞው አንሶ አይበቃውም። ወይም ኮምፒዩተሩን በፍላሽ የሚያስነሣው ፕሮግራም የለም፤ ወይም አዲሱ ማሽን የተለየ ስለሆነ ስርዓተ ክወናው የማሽኑን ዕቃዎች አያውቃቸውም። ወይም አምሳያው በምስጢር ቃል ተቆልፏል፣ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሥራ ለቋል። እነዚህ ሁሉ አስቀድመው የሚታወቁት መልሶ በመሞከር ብቻ ነው።

ለዚህም ቃል አለን፤ «ማመሳከር»። ሥሩ «መሰከረ» ነው፤ ሁለት ነገሮችን እርስ በርስ ማስመስከር ነው። የብራና ጸሐፊ የጻፈውን ከዋናው ጋር ያመሳክር ነበር። ዛሬም ፕሮግራሙ ከዋናው ዲስክና ከአምሳያው የተሰላ ቁጥር አውጥቶ ያመሳክራል፤ ቁጥሮቹ ከተለያዩ ከአንዱ ወገን አንድ ነገር ተለውጧል። ምስክር ያልቆመለት አምሳያ አይታመንም።

ወደ ምትኬ እንመለስ። ለልጅ ይህ ስም የሚሰጠው ከተወለደ በኋላ ነው፤ ሊወለድ ይችላል ተብሎ አይሰጥም። ስለዚህ ቃላቱን እንዲህ ብናከፋፍላቸው እመክራለሁ። የተመረጠ ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ ቅጂ እንበለው። የዲስኩ ሁለንተና ሲነሣ አምሳያ እንበለው። አምሳያው ከዋናው ርቆ፣ ምንጩና ቀኑ ተጽፎበት ሲቀመጥ መጠባበቂያ እንበለው። በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተዘርግቶ መነሣቱ በዐይን ከታየ በኋላ ብቻ ምትኬ የሚለውን ስም እንስጠው። «ባክአፕ አለን» የሚል ኃላፊ ሲገኝም «ከአራቱ የትኛው?» ብለን እንጠይቀው።

በሲሪንቃ፣ በወልድያ፣ በመርሳም ሆነ በየትኛውም ወረዳ በኮምፒዩተር ፊት የምትቀመጡ ባለሙያዎች ሁሉ፤ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር አድርጉ። ከሁሉ አስቀድማችሁ የማትተኩትን ውሂብ የያዘውን ኮምፒዩተር ለዩ፤ አምሳያውን አንሡ፤ ከከተማችሁ ውጭ ላለ ታማኝ ቢሮ አንዱን ላኩ፤ የያዛችሁትንም በሌላ ዲስክ ላይ ዘርግታችሁ ኮምፒዩተር አስነሡበት። ከተነሣላችሁ ምትኬ አላችሁ። ካልተነሣላችሁም ዋናው ገና በእጃችሁ ስላለ ጉድለቱን ለማረም ጊዜ አላችሁ።